ስለ ውሃው አትጠይቂኝ

የካቲት 24

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኔና እማዬ ደህና ነን። «ሹራቡ ጠበበው ወይስ ሰፋው?» ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች። ጠቦህ ከሆነ ወፍረሃል ማለት ነውና ደስ ይላታል። ሰፍቶህ ከሆነም ዝም ብለህ ጠበበኝ በል።

«ሥራ አስኪያጅነቱን ተቀበልሽ ወይስ አሁንም እያመነታሽ ነው?» ላልከኝ፣ ተቀብያለሁ። የጠርሙስ ፋብሪካው ቁልፍ ከእነ ጣጣው እጄ ገብቷል። መጀመሪያ ቦርድ ፊት የቀረብኩ ዕለት የመብራትን ጉዳይ አንደኛ አጀንዳ እናድርገው ብዬ ጠየቅሁ። እርስ በርስ ተያዩ። ሊቀመንበራችንን ሠራተኛው «ይደርሳል» ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ ለተጠየቁት ሁሉ መልሳቸው እሱ ስለሆነ ነው። «መብራት ሲጠፋ ኤሌክትሪሺያኑን እንጠራለን፣ ይደርሳል» አሉና ወደ ማሳያ ክፍሉ መጋረጃ ተሻገሩ። በመጋረጃው ላይ እስከ ምሳ ተወያየን።

አንተ ግድቡ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ስለምትውል ነገሩ ይገባሃል ብዬ ነው የምጽፍልህ። ያለችን እቶን አንዲት ናት፤ የምትሠራውም በመብራት ብቻ ነው። ከተለኮሰች ጀምሮ ቀዝቅዛ አታውቅም። ሦስት መቶ ሠራተኛ በእሷ ያድራል። ፈረቃ ሲቀየር ወጪው ለገቢው «ነቅታለች» ይለዋል፤ ሌላ ሰላምታ የላቸውም። መብራቱ ድንገት ከተቋረጠ የቀለጠው ብርጭቆ ሆዷ ውስጥ ይረጋል፣ ሲረጋም ጡቧን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ መገንባት ነው፤ ለእሱ ደግሞ አቅም የለንም። አስቀድመን ካወቅን ግን ብርጭቆውን አፍስሰን፣ ሙቀቷን ቀስ በቀስ ቀንሰን ባዶዋን ልናስተኛት እንችላለን። ሳምንታት ይፈጃል እንጂ ትድናለች። ችግሩ በከንቱ ካፈሰስናት ጠርሙስ የምናቀርብለት የመድኃኒት ፋብሪካ ውል ይፈርሳል፤ ያን ጊዜም ሠራተኛውን የምበትነው እኔው ነኝ።

እና ልጠይቅህ። መስኮትህን ስትከፍት የምታየው ግድቡን ነው። ዘንድሮ ውሃው እንዴት ነው?

እህትህ

መጋቢት 2

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሹራቡ ሰፍቶኛል። ለእማዬ ጠበበው ማለት ካለብሽ አንቺ በያት፤ እኔ በእጄ አልጽፈውም። ሳሉ ለቆኛል። «ስልክ ለምን አትደውልም?» ብለሽ በሾፌሩ ላስጠየቅሽኝ፣ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ያለው የቢሮ ስልክ ነው፤ አንድ ሰው ሲያወራበት አምስት ሰው ያዳምጣል። ደብዳቤ ይሻለናል።

ፖስታውን ግን በደንብ አሽጊው። ስንቅ የሚያመላልሰውን ሾፌር «ሬዲዮ» የምንለው በከንቱ አይደለም። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ የሰማውን እስከ ቀጣዩ ኬላ ይዞ መድረስ ነው የሚያቅተው።

እንኳን ደስ አለሽ። ከልቤ ነው። ከዚያ ቦርድ ውስጥ ሽቦው ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ ሰው መገኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ውሃው አትጠይቂኝ። ሥራ ስጀምር ለማንም አልናገርም ብዬ ፈርሜያለሁ። የሚናገረው የመብራት ኃይል ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚናገረውም እሱ ባለው ቀን ነው። ከአንቺ ጋር መጣላት አልፈልግም፣ ስለዚህ ጥያቄው እንዳልተጻፈ ይሁን።

ታናሽሽ

መጋቢት 9

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ እንደ እህት ተናደድኩ፤ አንዴ እንደ ሥራ አስኪያጅ ገባኝ። ለእማዬ ሹራቡ ልክክ ብሎለታል ብያታለሁ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

በሬዲዮ በኩል «ጄኔሬተር የላችሁም ወይ?» ብለህ አስጠይቀኸኛል። ነበረን። ትልቁን የሸጡት እኔ ከመሾሜ በፊት ነው፤ በዋጋው የማሳያ ክፍል ተሠራበት። ክፍሉ ያምራል፤ ጠርሙሶቻችን እንደ ሙሽራ ተደርድረውበታል። የቀረችን ትንሿ ጄኔሬተር የቢሮውን አምፖልና የሊቀመንበሩን ማራገቢያ ትችላለች።

ከሰዓት በኋላ መብራቱ መድከም ጀምሯል። አምፖሌ ደብዘዝ ይልና ይመለሳል። ያን ጊዜ ፎርማኑ የእቶኗን ሙቀት ለማየት ይሮጣል፤ እኔም በጫማዬ ተረከዝ እየተንገዳገድኩ ከኋላው። የመብራት ኃይል ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቱን ብጠይቅ «የመስመር ጥገና ነው» አሉኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለዚህ ነው።

ቦርዱን እንዲህ አልኩት፦ «ስለ አሸዋው እናውቃለን፤ ስለ ሶዳው፣ ስለ ደንበኛው፣ ስለ መጋረጃው ሁሉ እናውቃለን። የምንኖርበት ነገር የሚመጣው ግን በአንድ ሽቦ ነው፤ የሽቦው ሌላኛው ጫፍ ምን ላይ እንደታሰረ ከመካከላችን የጠየቀ የለም።» ሊቀመንበሩ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉኝ። ሌሎቹ ሳቁ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ፤ ያ ስብሰባ ሳይወስን ከተበተነ ለማፍሰስ ጊዜ አይኖረኝም።

ቁጥር አልጠየቅሁህም። አፍስሺ ወይም አታፍስሺ በለኝ። አንዲት ቃል ናት፤ ለእህትህ።

እህትህ

መጋቢት 16

እትዬ፣

ለእማዬ ሰላም በይልኝ፤ እየበላሁ ነው በያት፣ እሱ እውነት ነው። «ተቆጣህብኝ?» ብለሽ በሬዲዮ ላስጠየቅሽው አልተቆጣሁም። ፈርቻለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ይብቃን። የዛሬ ሦስት ዓመት አብሮኝ የሚሠራ ሰው ለአማቹ አንዲት ቃል ሹክ አለው። እንዳንቺው አንዲት ቃል ናት። አማቹ ወፍጮ ቤት ነበረው። በማግስቱ ከከተማው ማደያዎች ያገኘውን ናፍጣ ሁሉ በበርሜል ገዝቶ ግቢው ውስጥ ደረደረ። መብራቱ ሲቋረጥ ወፍጮው ሠራ። የጎረቤታችን ልጅ ምጥ የያዛት በዚያ ሳምንት ነበር። አምቡላንሱ ነዳጅ አልነበረውም። ቀብሯ ላይ ከእኔ ጎን ቆመሽ ነበር፤ ለምን እንደሞተች ግን አታውቂም ነበር፣ አሁን አወቅሽ።

ያ ባልደረባዬ ክፉ ሰው አልነበረም። አማቹን ይወድ ነበር፣ ሌላ ጥፋት የለበትም።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። እኔ ደግሞ የምቆርሰው ከራሴ አይደለም፤ ከከተማው ነው። ለአንቺ ብቻ የማውቀውን ብነግርሽ፣ ከሌላው ጉሮሮ ነጥቄ ላንቺ ማጉረሴ ነው። እኔን ከወደድሽኝ አትለምኚኝ።

ታናሽሽ

መጋቢት 24

ወንድሜ፣

ይቅር በለኝ። የጎረቤታችንን ልጅ ነገር ከሰማሁ ወዲህ በቤታቸው በር ሳልፍ ቀና ማለት አቅቶኛል።

ሬዲዮ የነገረህ እውነት ነው፤ እቶኗን ማፍሰስ ጀምረናል። ብርጭቆው እንደ ማር እየተሳበ ወደ ውሃው ገንዳ ይወርዳል፤ እዚያ ሲደርስ ይንጣጣል። የጀመርን ዕለት ፈረቃው ሲቀየር ወጪው ለገቢው የሚለው ጠፋው። ትከሻውን ነካ አድርጎት አለፈ።

ዝምታህን አስቤበታለሁ። ውሃው ሙሉ ቢሆን «አይዞሽ» ትለኝ ነበር። አይዞሽ ማለትን የሚከለክል ፊርማ የለም። አላልከኝም፤ ስለዚህ ወሰንኩ። አንተ ምንም አልነገርከኝም፣ ንጹሕ ነህ።

«ቦርዱን በምን አሳመንሽው?» ብለህም በእሱ አስጠይቀሃል። እሱን ተወው። ስብሰባ የራሱ መንገድ አለው። አፍሰን ስንጨርስ በዝርዝር እጽፍልሃለሁ።

እማዬ ትስምሃለች።

እህትህ

ሚያዝያ 1

እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ሬዲዮ ቆሞ እስክትመልሺለት እንዲጠብቅ ነግሬዋለሁ።

አለቃዬ አስጠርቶኝ ነበር። የአንድ ፋብሪካ ሊቀመንበር ዋናው መሥሪያ ቤት ደውለው «መብራት ሊቋረጥ ነው የተባለው እውነት ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ከማን ሰሙ ሲባሉ የእኔን ሥራ ጠቅሰዋል፣ ወንድምነቴንም ጨምረው። የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ቁልፍ ተቀብለውኛል። እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ተቀምጬ አጣሪ ኮሚቴ እጠብቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ስብሰባው ላይ ስለ እኔ ምን አልሽ? ያልሽውን እንዳልሽው ጻፊው፤ አታሳምሪው።

ለእማዬ እንዳትነግሪያት።

ታናሽሽ

ሚያዝያ 2

ወንድሜ፣

ሬዲዮ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሟል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አይናገርም።

ያልኩት ይኸው ነው፦ «ወንድሜ ግድቡ ላይ ነው የሚሠራው። አፍስሺ ብሎኛል።»

የቦርዱ አባላት ማፍሰሱን ተቃውመው እጃቸውን ሊያወጡ ነበር። ሊቀመንበሩ ድምፅ እንስጥ ብለው ተነስተዋል፤ ከዘጠኙ ስድስቱ ከእሳቸው ጋር እንደሆኑ ፊታቸው ላይ ይታየኛል። የመብራቱን መድከም ነገርኳቸው፣ ሳቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አልኳቸው፣ ሳቁ። ከዚያ አፌ ተከፈተና ያ ወጣ። ካፍ የወጣ አፋፍ ሆነ፤ ለእሳቸው ሊወጣ የነበረው እጅ ሁሉ ለእኔ ወጣ። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ሦስት መቶውን ሠራተኛ ነው። አንተን ያሰብኩህ ደረጃውን ስወርድ ነው።

ከዚህ የባሰውንም ልጻፍልህ፣ አታሳምሪው ብለሃላ። ዛሬውኑ ሄጄ ዋሽቻለሁ ማለት እችላለሁ። ያን ካልኩ ግን ሊቀመንበሩ ማፍሰሱን ዛሬውኑ ያስቆማሉ፤ እቶኗ ደግሞ ግማሽ ላይ ናት። በግማሽ ከቆመች ትሞታለች። እስክትራቆት ታገሰኝ። ባዶ በሆነች ማግስት በእግሬ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ።

ይህን ልጠይቅህ እንደማይገባኝ አውቃለሁ። እየጠየቅሁህ ነው።

እህትህ

ሚያዝያ 10

ለጠርሙስ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣

ታገሰኝ ብለሻል፤ ታገስኩ። ኮሚቴው «ነገርካት ወይ?» ሲለኝ አልነገርኳትም አልኩ። «ታዲያ ቦርዷ ፊት ለምን ነገረኝ አለች?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ካንቺ ደብዳቤ ላይ አንዱን መስመር ባሳያቸው ነጻ እወጣ ነበር፤ ከኪሴ አላወጣሁትም። እንዳልነገርኩሽ ግን አላመኑም። እኔ እንደማልዋሽ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እነሱ ከየት ያውቃሉ?

ዝምታህን ተረዳሁት ብለሻል። አልተረዳሽውም። የዛሬ ሁለት ዓመት ውሃው በግድቡ አናት ሞልቶ ሲፈስም እንዲሁ ጠይቀሽኝ ነበር። ያኔም አትጠይቂኝ ነው ያልኩሽ፤ አይዞሽ አላልኩም። ረስተሽዋል። ዘንድሮም ሞልቶ ቢሆን የምጽፍልሽ ያንኑ ነበር። ግምትሽ ልክ ሆነ እንጂ እኔ ላይ ያነበብሽው ነገር አልነበረም።

አሁን ግን እነግርሻለሁ። ውሃው አልቋል። ሚያዝያ 25 ተርባይኖቹ ይቆማሉ፤ ዝናብ እስኪጥል አይነሱም። ከየካቲት ጀምሮ ለሁሉም ሰው እኩል ይነገር፣ ሰው ይሰናዳ ብዬ አለቃዬን ስለምን ነበር። «ምናልባት ይዘንባል፤ ሕዝብ አናሸብር» እያለ ደብዳቤዬን መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠው። ከዋናው መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ተባለ።

ትናንት ማታ አስቤ አስቤ አንድ ነገር ታየኝ። ባልሠራሁት ከምቀጣ በሠራሁት ልቀጣ። ይህንኑ በትልልቁ ጽፌ፣ ስሜን ከሥር አስቀምጬ ለሬዲዮ ሰጥቼዋለሁ። መጀመሪያ ሆስፒታሉ በር ላይ ይለጥፋል፣ ቀጥሎ የውሃ ፓምፕ ጣቢያው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ገበያው። ያንቺ የመጨረሻው ነው።

ወደ ግድቡ አትጻፊልኝ። እዚህ አልገኝም።

ወንድምሽ

ግንቦት 6

ለማይጽፍልኝ ወንድሜ፣

የት እንዳለህ ሬዲዮን ለመንኩት፣ ለመንኩት፤ አልነግርሽም አለኝ። የእሱን አፍ የሚዘጋ ሰው አንተ ብቻ ነህ። «ደብዳቤውን ግን አደርሳለሁ» ስላለኝ እየጻፍኩ ነው።

ጠይቅ ብትባል የምትጠይቀውን አውቃለሁና ልመልስልህ። ሆስፒታሉ ደህና ነው። ወረቀትህ በሩ ላይ በተለጠፈ ማግስት ባለ ወፍጮው፣ ባለ ዳቦ ቤቱ፣ የፓምፕ ጣቢያው ኃላፊና እኔ ዋናዋ ነርስ ቢሮ ተሰበሰብን። ተጯጯህን፣ ተሰዳደብን፣ በመጨረሻም ከከተማው ናፍጣ መጀመሪያ ሆስፒታሉና አምቡላንሱ፣ ቀጥሎ የመጠጥ ውሃው፣ ከዚያ ዳቦ ቤቱ እንዲወስዱ ተስማማን። ለእኛ አልደረሰንም፤ እኛ ባዶ እቶን ይዘን ምን እናደርግበታለን? መብራት ኃይል ማስታወቂያውን ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መብራቱ አንተ ባልከው ቀን ጠፋ። በዚህ ጨለማ ውስጥ እስካሁን የሞተ ሰው የለም።

እቶኗ ባዶዋን ተኝታለች። ፎርማኑ በባትሪ መብራት ውስጧን ጡብ በጡብ አየው፤ አንድም ስንጥቅ የለባትም። ሠራተኛው ግማሽ ደሞዝ እየተከፈለው ዝናቡን ይጠብቃል።

ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ ዘግይቼም ቢሆን። እቶኗ በተራቆተች ማግስት ዋናው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አልነገረኝም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ኃላፊው አንብቦ ወረቀቱን መለሰልኝ። «ወይዘሮ፣» አለኝ፣ «ለእርስዎ ብቻ ነግሮ ቢሆን ኖሮ ዘመድ ነው፣ የሥጋ ነገር ነው ብለን በማስጠንቀቂያ ባለፍነው። ለሁሉም መናገሩ ነው ያስባረረው።» ይህን የነገረኝ በትሕትና ነው። ወንበር ስቦ አስቀምጦኝ ነበር።

ለቦርዱም ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ ሳቁና «እሱ ኋላ ስለተናገረው እኮ ውሸትሽ እውነት ሆኗል፤ ምን ያስጨንቅሻል?» አሉኝ። ልልቀቅ ብላቸው ይደርሳል አሉኝ። አሁን የመብራት ጉዳይ አንደኛው አጀንዳችን ነው፤ ሐሳቡ ከድሮም የእሳቸው እንደነበር ለእንግዳ ሁሉ ይናገራሉ። እቶኗ ተለኩሳ ሠራተኛው ሲመለስ እለቃለሁ። እስከዚያ ትቻቸው ብሄድ፣ በስምህ ከተሸሸግሁት ቀጥሎ ሁለተኛ ሽሽት ይሆንብኛል።

ለእማዬ ሁሉን ነግሬያታለሁ። ሰምታኝ ስታበቃ ተነስታ ክፍልህን ጠረገች።

ገበያ ውስጥ ሰዎች ያቆሙኛል። «ያ ልጅ ወንድምሽ ነው አሉ» ይሉኛል፤ እጄን ይዘው ይመርቁኛል። ምርቃቱ የእኔ አይደለም፣ እጄን ግን ቀምቼ መሄድ አልችልም። ቆሜ እቀበልልሃለሁ።

ወንድሜ፣ የመጨረሻውን ደብዳቤህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አንድም የቁጣ ቃል የለበትም። እትዬ እንኳ አላልከኝም፤ አልሰደብከኝምም። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። መጥተህ የሚገባኝን ፊት ለፊት ንገረኝ። ተናግረህ እስክትጨርስ ድረስ ቃል አልመልስልህም።

እህትህ